ከጥፋት ውኃ በታች

ቀስ ብለሽ ያዢያት። ድንጋይ ትመስላለች እንጂ ውስጧ ባዶ ነው፤ ጫን ካልሻት ትፈረካከሳለች። መደርደሪያው ላይ ከመጻሕፍቱ ፊት ያስቀመጥኳት ለጌጥ አይደለም። ቤቴ የመጣ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያነሣው እሷን ነው፤ አንዱ የደረቀ ሎሚ ትመስለዋለች፣ ሌላው የልጅ መጫወቻ መስላው አገላብጦ ይመልሳታል። ወደ አፍንጫሽ ብታስጠጊያት እስካሁን የቀይ አፈር ሽታ አላት፤ ለእኔ ብቻ ይሆናል የሚሸተኝ። በእጄ በያዝኳት ቁጥር ቡራዩ ያለው የወላጆቼ ግቢ፣ ከጉድጓድ ውስጥ የሚወጣ የሰው ድምፅ፣ ጉድጓዱ አፍ ላይ ተንበርክኮ ቁልቁል የሚከራከር አባቴ ይመጡብኛል።

ዓመቱ የማስተር ፕላኑ ነገር የተነሣበት ነበር። እኔ አሥረኛ ክፍል ነበርኩ። አዲስ አበባ ልትሰፋ ነው፣ በዙሪያዋ ያለውን የገበሬ መሬት ልትጠቀልል ነው ተብሎ ከሰበታ እስከ ሱሉልታ ያለው ሕዝብ ተነሥቶ ነበር። ትምህርት ቤታችን ተዘጋ። ዋናው መንገድ አንድ ቀን በድንጋይ ይዘጋል፣ ሌላ ቀን በዶማ ተቆፍሮ ያድራል፤ የጎማ ጭስ የተሰጣ ልብስ ውስጥ ሳይቀር ይገባ ነበር። ቧንቧችን ድሮም በአሥራ አምስት ቀን አንዴ ነበር የሚመጣው። ያኖረን የውኃ ቦቴ ነበር፤ ያኔ ግን ቦቴውም የሚገባበት መንገድ አጣ። እናቴ ልብስ ያጠበችበትን ውኃ ለወለል፣ የወለሉን ለሽንት ቤት ስታደርግ ሰነበተችና አንድ ጠዋት ባዶውን በርሜል በእግሯ መታ አድርጋ፣ ቦቴ ከመጠበቅ መሬቱን መጠየቅ ይሻላል አለች። ጉድጓድ የማስቆፈሩ ሐሳብ የመጣው እንዲህ ነው።

አባቴ ደብተርና እስክሪብቶ የሚሸጥበት ትንሽ ሱቅ ነበረው። ተማሪ ከሌለ ደብተር የሚገዛ የለምና እሱም ቤት ይውል ነበር። ጎጃም ተወልዶ፣ ቅኔ ቤት ገብቶ፣ ሳይጨርስ ወደ ከተማ የወጣ ሰው ነው። ያልጨረሰው ነገር ሲቆጨው ስለኖረ እሑድ እሑድ ሰንበት ትምህርት ቤት ሕፃናትን ያስተምራል። ከሁሉ አብልጦ የሚወደው ትምህርት የጥፋት ውኃ ነበር። ውኃው ዓለምን ሁሉ ሸፍኖ ከተራሮች ጫፍ በላይ አሥራ አምስት ክንድ ከፍ ማለቱን ሲነግር እጁን ዘርግቶ አየሩን በክንዱ ይለካዋል፤ ልጆቹ ሳያውቁት እግራቸውን ከወለሉ ያነሣሉ። እኔም ከነሱ አንዷ ሆኜ ነው ያደግኩት። ያ ውኃ እውነት ለመሆኑ ለአንድ ቀን እንኳ ተጠራጥሬ አላውቅም ነበር።

አባቴ ያመጣው ቆፋሪ ከዳገቱ ማዶ የሚኖሩ፣ በዕድሜ ከእሱ ከፍ የሚሉ ሰው ነበሩ። አባቴ ስማቸውን "ኦቦ" ከሚለው ማዕረግ ጋር ነበር የሚጠራው፤ እኔ ስሙን ልተወውና ቆፋሪው ልበልሽ። መንደራችን የተሠራበት መሬት አንድ ጊዜ የዘመዶቻቸው ማሳ ነበር። መጀመሪያ የመጡ ቀን ሳሎናችንን ዞር ዞር ብለው አዩና "ይሄ ገብስ ነበር፤ ከበሩ ወዲያ ያለው ባቄላ" አሉ። ቂም አልሰማሁበትም። ዛሬ ሳስበው ያልሰማሁት ልጅ ስለነበርኩ ይሆናል።

አሠራራቸውን አይቼ አልጠግብም ነበር። ግራና ቀኝ ግድግዳው ላይ የእግር መርገጫ እየፈለፈሉ ይወርዳሉ። አየር መኖሩን ለማወቅ የበራ ሻማ በገመድ ያስቀድማሉ። ጥልቀቱን የሚያውቁት ገመዱን በገዛ ክንዳቸው እየለኩና እየቋጠሩ ነው። ከሁሉ የገረመኝ ግን አፈር መቅመሳቸው ነበር። የአፈሩ መልክ በተለወጠ ቁጥር ቆንጠር ያደርጉና በፊት ጥርሳቸው ይፈጩታል። ጭቃ ያሟልጫል፣ አሸዋ ይንቀጫቀጫል፣ አመድ ግን እንደ ብርጭቆ ዱቄት ጥርስ ይፍቃል ይሉ ነበር። ከዚያ እንትፍ ብለው ፍርዳቸውን ይሰጣሉ።

ከላይ ሆኖ አፈር የሚስብላቸው አማቻቸው ነበር፤ መንገዱ ሲዘጋ መምጣት ስላልቻለ አባቴ እኔ እስባለሁ አለ። ለእሳቸውም ቢሆን መምጣቱ ቀላል አልነበረም። መንገድ በሚቆፈርበት ሰሞን ዶማ ተሸክሞ የተገኘ ሰው ሌላ ማስረጃ አያስፈልገውም፤ መንገድ ቆራጭ ተብሎ ይወሰዳል። ስለዚህ ዕቃቸውን እኛ ቤት እያሳደሩ ባዶ እጃቸውን ይመላለሱ ነበር። እናቴ እዚሁ ይደሩ ብትላቸው የሚያስገቡት ከብት እንዳለባቸው ነግረው እምቢ አሉ። ማታ ሲሄዱ አባቴ በሩ ላይ ቆሞ ዳገቱን ወጥተው እስኪሰወሩ ያያቸዋል፤ እኚህን ሰው አንድ ቀን ይይዙብናል ይል ነበር ወደ ቤት ሲመለስ።

ክርክሩ የተጀመረው ስምንተኛው ክንድ ላይ ነው። እስከዚያ ድረስ መጀመሪያ መረሬ የሚሉት ጥቁር ጭቃ አፈር፣ ከዚያ ድንጋይ የበዛበት ቡናማ አፈር ነበር የሚወጣው። በስምንተኛው ክንድ ባልዲው ነጭ ዱቄት ሞልቶ መጣ። በጣም ቀላል ስለነበር አባቴ በለመደው ጉልበት ሲስበው ወደ ኋላ ሊወድቅ ምንም አልቀረው። ዱቄቱን በመዳፉ ዘግኖ ካየ በኋላ ፊቱ በራ። ያ ዓለምን የሸፈነ ውኃ ሲደርቅ ጥሎት የሄደው ደለል ይኸውልሽ አለኝ። በዚህ አላበቃም፤ ተንበርክኮ አንገቱን ወደ ጉድጓዱ ቀለሰና ታሪኩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ለቆፋሪው ወደ ታች ሰበከላቸው።

እሳቸው ግን ዱቄቱን እየቀመሱ ነበር።

"መምህር" አሉ በመጨረሻ፤ ሰንበት ትምህርት ቤት ማስተማሩን ሰምተው እንዲህ ነበር የሚጠሩት። "ጎርፍ አውቃለሁ፤ በየክረምቱ ይመጣብናል። ጎርፍ ድንጋይም፣ ጭራሮም፣ የሰው ጫማም ተሸክሞ ነው የሚመጣው። ይሄ ግን ምንም አልተሸከመም። አመድ ነው፤ ከላይ የዘነበ።"

አባቴ ይህን ሁሉ አመድ ያወጣው ምድጃ የማን ነው ብሎ ጠየቀ። ቆፋሪው የዝቋላን አናት ያየ ሰው እንዲህ ብሎ አይጠይቅም አሉ፤ ተራራ እንዲያ መሐሉ ተቦርቡሮ የሚቀረው እሳት ሲተፋ ነው። ዝቋላ የጻድቅ ቦታ እንጂ የማንም ምድጃ አይደለም ብሎ አባቴ ተቆጣ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እሱ ከላይ፣ እሳቸው ከታች ሆነው ባልዲው በወጣና በወረደ ቁጥር ይከራከሩ ጀመር። የጉድጓዱ አፍ ድምፅ ስለሚያጎላ ጎረቤት ሁሉ ይሰማል። እናቴ ከወጥ ቤት ብቅ እያለች፣ እኔ ውኃ አውጡ አልኩ እንጂ ጉባኤ ጥሩ አላልኩም ትል ነበር።

እኔ ከሁለቱ መሐል ነበርኩ። ትምህርት የለ፣ ጓደኛ መጠየቅ የለ፤ ቀኑን ሙሉ ጉድጓዱ አጠገብ ተቀምጬ ከየክንዱ አንዳንድ እፍኝ አፈር በባዶ የቲማቲም ጣሳ እያስቀመጥኩ ቁጥሩን በእስክሪብቶ እጽፍበት ነበር። መጀመሪያ ለምን እንደማደርገው አላውቅም ነበር። ጣሳዎቹ በግንቡ ሥር በተራ ሲደረደሩ ግን ገጽ በገጽ የሚነበብ ነገር መምሰል ጀመሩ፤ ማንበብ አለመቻሌ ያንገበግበኝ ነበር።

ቆፋሪው ስለ ጎርፍ የተናገሩትን ለመፈተን ያሰብኩት ያኔ ነው። ሁሉም በቃል ይናገራል፤ ማንም አላሳየኝም። ነጩ ዱቄት ሲያልቅ በወጡት ባልዲዎች ውስጥ ቀዳዳ የበዛባቸው፣ እንደ ዳቦ ውስጥ የተቦረቦሩ ትናንሽ ነጭ ድንጋዮች ነበሩ። እነሱን ከጠጠር፣ ከአሸዋ፣ ከመረሬና ከነጩ ዱቄት ጋር ቀላቅዬ ብርሃን በሚያስተላልፍ የዘይት ጀሪካን ውስጥ ጨመርኩ። እናቴ በዚያ ችግር ላይ ለጨዋታዬ ውኃ መስጠቷ እስካሁን ይገርመኛል። ጀሪካኑን በደንብ ነቅንቄ መስኮቱ ላይ አሳደርኩት።

ጠዋት ጠጠሩ ከሥር፣ አሸዋው ከሱ በላይ፣ ጭቃው ከአሸዋው በላይ ተኝቶ አገኘሁት። ነጮቹ ድንጋዮች ግን ውኃው ላይ ተንሳፍፈው ነበር። ድንጋይ ሲንሳፈፍ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት የዚያን ቀን ነው። ቆሜ ሳየው ነገሩ ቀስ ብሎ ገባኝ። ነጩን ዱቄት ያመጣው ውኃ ቢሆን ኖሮ እነዚህ ድንጋዮች ተንሳፍፈው ከሁሉ በላይ መቅረት ነበረባቸው፤ ጉድጓዱ ውስጥ ግን ከሥር ነው የተገኙት።  ጀሪካኑን ታቅፌ ወደ አባቴ ሮጥኩ።

እስከ መጨረሻው ሰማኝ። ሳይቆጣ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ለእግዚአብሔር ውኃ የጀሪካን ሥርዓት ታወጪለት ጀመር?" አለኝ።

ከዚያ በኋላ ሁለት ቀን አኮረፈኝ። ጨው እንኳ ሲፈልግ በእናቴ በኩል ነበር የሚያስጠይቀኝ። ልጄ ከእጄ ልትወጣ ነው፣ በገዛ ግቢዬ ልትጠፋብኝ ነው ሲላት ከበሩ ኋላ ሰምቻለሁ። አለቀስኩ። ግን ልንገርሽ፣ እያለቀስኩም ስለ ተንሳፋፊው ድንጋይ ማሰቤን አልተውኩም። ቆፋሪው ምሳ ሲበሉ አጠገባቸው ሄጄ እርስዎ አያምኑም ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። ጉርሻቸውን እስኪውጡ ጠበቅኩ።

"እኔም ክርስቲያን ነኝ፣ ኢንተላኮ" አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። "ቤተ ክርስቲያን ስገባ ጆሮዬን አምናለሁ። ጉድጓድ ስገባ እጄን።"

ነጩ ዱቄት አሥራ ሦስተኛው ክንድ ላይ አልቆ ቀይ፣ ጠንካራ አፈር ተጀመረ። አሥራ አምስተኛው ላይ እያሉ ነው ያ ቀን የመጣው። ረፋድ ላይ ከአስፋልቱ በኩል ተኩስ ተሰማ፤ ትንሽ ቆይቶ የመኪና ድምፅ ወደ መንደራችን ገባ። አንዲት ጎረቤታችን በአጥሩ በኩል፣ መንገድ የቆፈሩትን ፍለጋ ቤት ለቤት እየፈተሹ መሆኑን ነገረችን። ቆፋሪው ታች ናቸው፤ ዶማቸውም አብሯቸው ነው። አባቴ ወደ ጉድጓዱ ጎንበስ ብሎ አንድ ነገር አላቸውና ገመዱን ስቦ አወጣ። ቆርቆሮ አምጥቶ አፉን ከደነው፤ ባዶውን በርሜል ከቆርቆሮው ላይ አስቀመጠና ከጎኑ ቁጭ አለ። 

የገቡት ሦስት ነበሩ፤ ዩኒፎርም ለብሰው መሣሪያ ይዘዋል። አንደኛው የአፈሩን ክምር አይቶ ማን ነው የሚቆፍረው አለ። አባቴ እኔ ነኝ አለ፤ ውኃ አጥተን ነው፤ ትናንት ድንጋይ አጋጥሞኝ ተውኩት። ሰውየው ሲጠራጠር አባቴ ሁለት መዳፉን ዘረጋለት። ለቀናት ገመድ ሲስብ የሰነበተ እጅ ነው፤ ውኃ ቋጥሮ፣ ፈንድቶ፣ እንደገና ቋጥሮ ነበር። ሰውየው መዳፉን አየ፣ ፊቱን አየ፣ በርሜሉን አየ። ከዚያ ቤቱን ፈትሸው ወጡ። አባቴ ሲዋሽ የሰማሁት የዚያን ቀን ብቻ ነው።

መኪናው ከመንደሩ እስኪወጣ ድረስ ብዙ ቆየን። አባቴ አየር ያልቅባቸዋል ብሎ ተጨነቀ፤ ቆርቆሮውን በጣት ስፋት ገፋ አድርጎ በሹክሹክታ ያወራቸዋል፣ መልስ ግን የለም። የሞቱ መሰለኝ። ከሰዓት በኋላ ከፍተን አባቴ ሲጣራ ግን ከታች ድምፅ መጣ። ልታወጡኝ ነው ወይ አላሉም፤ ሄደዋል ወይ ብለውም አልጠየቁም።

"መምህር፣ ሻማ አውርዱልኝ" ነው ያሉት። "እዚህ የሆነ ነገር አግኝቻለሁ።"

የወጡት የኮታቸው ኪሶች አብጠው ነው። በዚያ ጨለማ ሰዓቱን የገፉት ግድግዳውን በጣታቸው እየዳሰሱ ነበር፤ ከነጩ ዱቄት ትንሽ ዝቅ ብሎ ቀዩ አፈር ውስጥ ድብልብል ነገሮች እጃቸውን ነኳቸውና አንድ በአንድ በጥፍራቸው ፈልቅቀው አወጧቸው። አሁን የያዝሻት ከነሱ አንዷ ናት። አባቴ አንዷን ተቀብሎ አገላበጠ፤ ተሰበረችበት። ውስጧ ክፍት ሆኖ የትል ማደሪያ የሚመስል ልስልስ ጎድጓዳ ነበረው። ገጠር ያደገ ሰው ነውና ማንም እንዲነግረው አልጠበቀም። "ጥንዚዛ" አለ። እበት አድበልብላ እያንከባለለች የምትቀብረው፣ እንቁላሏን የምትጥልበት።

ቆፋሪው ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። ፊታቸው አመድ ለብሶ ዓይናቸው ብቻ ነበር የሚታየው፤ ግን ፈገግ ብለው ነበር። "እዚያ ታች እንስሳ ግጦበታል" አሉ። "ሣር ነበረ፣ ደረቅ መሬት ነበረ። ከዚያ ነው ነጩ የወደቀበት።"

አባቴ ትንሽ አሰበና መውጫ አገኘ። ይህማ ከውኃው በፊት የነበረ ዓለም ነው፤ ውኃው መጥቶ ከላይ ደለሉን ጣለበት አለ። ቆፋሪው ይሁን አሉ። ግን እበትና ጭቃ የሆነች ነገር ያ ሁሉ ውኃ ሲያልፍባት እንዴት ሳትሟሟ ቀረች? ይህን ጠይቀው መልስ ሳይጠብቁ እጃቸውን አራገፉና ከብቶቼ ይጠብቁኛል ብለው ሄዱ።

በማግስቱ ጠዋት የሳሎኑ መስኮት ላይ አንድ ብርጭቆ አገኘሁ። ውስጡ ቡናማ ጭቃ ረግቷል። እናቴን ምንድን ነው ብላት በዓይኗ ወደ አባቴ ጠቆመችኝ። ማታ ቆፋሪው እንደሄዱ ከቤታችን ጀርባ ወዳለው ግጦሽ ወጥቶ፣ ጥንዚዛ የምታንከባልላትን ትኩስ ድብልብል ቀምቶ አምጥቶ ነበር ውኃ ውስጥ ያሳደራት። ለመጠጥ ካስቀመጥነው ውኃ ላይ ቀንሶ። አባቴ መስኮቱ አጠገብ ቆሞ ነበር፤ ሳየው አፈረ፣ እኔም አፈርኩ። ከኩርፊያው በኋላ መጀመሪያ በቀጥታ ያናገረኝ ያኔ ነው። የጥፋት ውኃ ነበረ አለኝ፤ እኛ ግቢ ግን አልደረሰም። ሳቄ አመለጠኝ፤ እሱም ሳቀ፤ አቅፎ ግንባሬን ሳመኝ። አባቴን እንደዚያ ጠዋት የወደድኩበት ቀን የለም።

እስኪያርፍ ድረስ ከዚያ ቃሉ አልተነቃነቀም። እኔ ግን ከእሱ አልፌ ሄድኩ። ዛሬ ሥራዬ አፈር መመርመር ነው፤ ከሰበታ እስከ ጫንጮ መንገድ ሲሠራ ዳገት በተቆረጠበት ሁሉ መኪና አስቁሜ እወርዳለሁ፤ እንደ ቆፋሪው እቀምሳለሁ። አመድ አገኛለሁ፣ ሣር የበቀለበት አሮጌ አፈር አገኛለሁ፣ የወንዝ ጠጠር አገኛለሁ፤ ሁሉም የየራሱ ጊዜና የየራሱ ታሪክ አለው። ዓለምን ሁሉ በአንድ ጊዜ ያለበሰ አንድ ጭቃ ግን የትም አላጋጠመኝም። አንዳንዴ አባቴ አጠገቤ ቢሆን እዚህም አልደረሰም እያለ ከጥፋት ውኃው ምን ያህል ቦታ ይቀንስ ነበር ብዬ አስባለሁ።

ቆፋሪውን የያዟቸው ቤታችን በተፈተሸበት በዚያው ሳምንት ነው። ያን ቀን ማታ ሥራ ሲያበቁ እጃቸው እስከ ክርናቸው ቀይ ነበር። እናቴ ማንቆርቆሪያ ይዛ ወጣች፤ ውስጡ ያለው ለራት የተረፈ የመጨረሻ ውኃ መሆኑን አዩ። ተዉት፣ ለልጅቱ ይሁን፣ ቤቴ አጠገብ ምንጭ አለ ብለው ሳይታጠቡ ሄዱ። ዶማቸው እኛ ቤት ነበር፤ ባዶ እጃቸውን ነበሩ። አማቻቸው በማግስቱ በእግሩ መጥቶ እንደነገረን ግን ዳገቱ ላይ ያስቆሟቸው ሰዎች የፈለጉት ዶማ አልነበረም። እጃቸውን አይተው የት ስትቆፍር ዋልክ አሏቸው።

አባቴ ያን ቀን እህል አልቀመሰም። ከመሄዳቸው በፊት ማንቆርቆሪያውን ተቀብሎ ማስታጠብ ይችል ነበር፤ ራት ባይሠራስ ምን ነበረበት? ይህን ደጋግሞ ይናገር ነበር፤ ለእናቴ፣ ለእኔ፣ አንዳንዴም ለማንም። ሊጠይቃቸው ብዙ ቦታ ዞረ፤ የት እንዳሉ እንኳ የሚነግረው አላገኘም። ጉድጓዱ አሥራ ዘጠኝ ክንድ ላይ ቆሞ ቀረ።

የመጡት ከአምስት ወር በኋላ ነው። በሩን የከፈትኩት እኔ ነበርኩ፤ ወዲያው አላወቅኳቸውም። ንጹሕ ነበሩ፤ ከስተው ኮታቸው ከትከሻቸው ወርዶ ተንጠልጥሏል። አባቴ ሲያያቸው አንገታቸው ላይ ተጠምጥሞ አለቀሰ። እሳቸው ግን ስለ ቆዩበት ቦታ ያወሩት ጥቂት ነው፤ መስኮት የሌለው ክፍል ነበር፣ ብዙ ሰው ነበርን አሉ። ሥራዬን ልጨርስ ነው የመጣሁት ብለው ኮታቸውን አወለቁ።

ሻማውን አውርደው አየሩን ፈተሹ። አንድ እግራቸውን የመጀመሪያው መርገጫ ላይ አሳረፉ። ሁለተኛውን ሊያወርዱ ሲሉ ቆሙ። አባቴ ገመዱን ይዞ ጠበቀ፣ እኔም ጠበቅኩ። ግንባራቸው ላይ ላብ ችፍ አለ። እግራቸውን አወጡና ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀመጡ። በዚያ ጨለማ ውስጥ የጥንዚዛ ድብልብል እየፈለቀቁ ሰዓታት የዋሉ ሰው ናቸው።

"እምቢ አለኝ፣ መምህር" አሉ። "ልቤ እምቢ አለኝ።"

አባቴ አጠገባቸው ተቀመጠ።  እኔ እወርዳለሁ ያልኩት ለምን እንደሆነ ዛሬም በደንብ አላውቅም፤ ስላዘንኩላቸው ነው፣ ከሥር ምን እንዳለ ማየት ስለፈለግኩም ነው። እናቴ እሪ ትላለች ብዬ ነበር፤ ገመዱን ወገቤ ላይ ያሰረችው ግን እሷ ናት።

አምስት ክንድ ለመቆፈር ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። አባቴ ይስባል፤ ቆፋሪው ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀምጠው ከእያንዳንዱ ባልዲ ይቀምሳሉ። ግድግዳው ላይ ምን እንደማይ በየሰዓቱ ይጠይቁኛል፤ እኔም እየጮኽኩ እነግራቸዋለሁ። ቀጥ ብሎ ቁልቁል የወረደ የሥር ቀዳዳ፣ ከቀዩ አፈር ሥር ሌላ ግራጫ አመድ፣ ከግራጫው ሥር ደግሞ እንደገና ቀይ። አንዳንዴ ነግሬያቸው ጨርሼ ቀና ስል ሁለቱም ራሳቸውን አስጠግተው ቁልቁል ሲያዩ አገኛቸዋለሁ፤ ሰማዩ ከኋላቸው ስላለ የትኛው አባቴ እንደሆነ መለየት ያስቸግረኝ ነበር።

ሃያ አራተኛው ክንድ ላይ እግሬ ሥር ያለው አሸዋ መቀዝቀዝ፣ ከዚያ መርጠብ ጀመረ። የተሞላው ባልዲ ወጣ፤ ቆፋሪው ቀመሱትና በቃ፣ ልጅቱን አውጧት አሉ። እኔ ወጥቼ ጭቃዬን ስጠርግ ታች የሚንቆረቆር ድምፅ ይሰማ ነበር። የመጀመሪያው ባልዲ ድፍርስ ነበር። አባቴ አጥልሎ በማንቆርቆሪያ ቀዳ። በእኛ ቤት እንግዳ የሚያስታጥበው በዕድሜ ትንሹ ሰው ነው፤ እኔ ልቀበለው እጄን ስዘረጋ ግን አልሰጠኝም። በቆፋሪው ፊት ጎንበስ ብሎ ቆመ።

ከቀመሱት ቁንጥር ሌላ እጃቸው ላይ አፈር አልነበረም። ሁልጊዜ አፈር ለብሶ የማውቀው እጅ ጥፍሩ ሳይቀር ነጥቶ ነበር። ቢሆንም የኮታቸውን እጅጌ እስከ ክርናቸው ሰብስበው ሁለቱንም ዘረጉለት፤ አባቴም ማንቆርቆሪያው እስኪያልቅ ድረስ አፈሰሰላቸው።